የልብ ቫልቭ ሲቀየር ኤኮ እና ሲቲ ስካን ለምን ተደጋግመው ይታዘዛሉ?

«ኤኮ ተነስቼ ነበር እኮ፤ አሁን ደግሞ በጉሮሮ የሚገባ ሌላ ኤኮ ያስፈልጋል ተባልኩ። የመጀመሪያው ተሳስቷል ማለት ነው?» የልብ ቫልቭ መቀየር አለበት የተባሉ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ምርመራ ወጪ አለው፤ ቀጠሮ አለው፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው ደግሞ የአልጋና የትራንስፖርት ወጪ ይጨመርበታል።

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ኤኮ አልተሳሳተም። ቫልቭ ከመቀየሩ በፊት፣ ሲቀየርና ከተቀየረ በኋላ ሐኪሞች የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለስ አለባቸው። በእርግጥ መቀየር አለበት ወይ? ስንት ቁጥር ቫልቭ ይግባ? በየት በኩል ይግባ? ከገባ በኋላስ በቦታው ተቀምጧል ወይ? ከዓመታት በኋላ እየሠራ ነው ወይ? እነዚህን ሁሉ ብቻውን የሚመልስ አንድ ምርመራ የለም። በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ ምርመራ ምን እንደሚያሳይ፣ እርስዎ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚያስፈልግዎ እና የትኛውን ወረቀት መጣል እንደሌለብዎ እንመለከታለን።

የትኛው ቫልቭ፣ በምን ምክንያት?

ልብ ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ የሚያደርጉ አራት ቫልቮች አሉት። በብዛት የሚቀየሩት በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ናቸው። ማይትራል ቫልቭ በግራው የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው መካከል ይገኛል። አኦርቲክ ቫልቭ ደግሞ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ የሚገባበት በር ነው። ቫልቭ ሁለት ዓይነት ችግር ይገጥመዋል፦ ይጠብና ደም በደንብ አያሳልፍም፣ ወይም በደንብ አይዘጋምና ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። ሁለቱም በአንድ ቫልቭ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

በአገራችን በወጣቶች ላይ ቫልቭ የሚያበላሸው ዋናው ምክንያት ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው ሲሆን በብዛት የሚጎዳውም ማይትራል ቫልቭን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ቫልቭ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱ ችግር በአኦርቲክ ቫልቭ ላይ ካልሲየም ተጋግሮ ቫልቩ መጥበቡ ነው። ልዩነቱን መያዝ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለች የ24 ዓመት ሴት የሚታዘዝላት ምርመራ ዋሽንግተን አካባቢ ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ የ80 ዓመት አባት ከሚታዘዘው ይለያል። ዘመድ ውጭ አገር ያደረገውን ምርመራ «ለእኔ ለምን አልተደረገልኝም?» ብሎ መጨነቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በደረት ላይ የሚሠራው ኤኮ

ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ደረት ላይ ጄል ተቀብቶ በድምፅ ሞገድ የልብ እንቅስቃሴ በስክሪን ይታያል። አያምም፤ ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡርም ችግር የለውም። የቫልቩን ክፍት ቦታ ስፋት፣ ደም በውስጡ የሚያልፍበትን ፍጥነትና የልብ ጡንቻን ጉልበት ይለካል።

የኤኮ ወረቀትዎ ላይ ቁጥሮች ያያሉ። ጤናማ ማይትራል ቫልቭ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ከባድ ጥበት ይባላል። በአኦርቲክ ቫልቭ ላይ ስፋቱ ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲያንስ፣ የደም ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲደርስ ወይም የግፊት ልዩነቱ በአማካይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሞላ ጥበቱ ከባድ ነው ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ለምሳሌ የልብ ጡንቻ ከደከመ ደሙን በጉልበት ስለማይገፋ ጥበቱ ከባድ ሆኖ ሳለ የግፊት ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። በዚህ ጊዜ ኮንትራስት ሳይሰጥ በሚነሳ ሲቲ ስካን በቫልቩ ላይ ያለው የካልሲየም መጠን ይለካል። ለሴቶች ከ1200፣ ለወንዶች ከ2000 በላይ የሆነ ውጤት የከባድ ጥበትን ጥርጣሬ ያጠናክራል።

ኤኮው የሚመልሰው ሌላ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ቤተሰብም ሊጠይቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ፦ «ቫልቩ ሳይቀየር በባሉን መከፈት አይችልም ወይ?» የማይትራል ጥበት ሲሆን ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ባሉን ተነፍቶ ቫልቩን መክፈት ይቻላል። ይህን ለመወሰን በኤኮ አራት ነገሮች እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል፦ የቫልቩ ቅጠሎች እንቅስቃሴ፣ ውፍረታቸው፣ የካልሲየም መጠናቸውና ከሥር የሚይዟቸው ጅማቶች ሁኔታ። ድምሩ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባሉኑ ጥሩ ውጤት የመስጠት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ቫልቩ በጣም ደም የሚመልስ ከሆነ ወይም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ግን ባሉን አይሠራም። ወጣት ሰው የራሱን ቫልቭ ይዞ ተጨማሪ ዓመታት ቢቆይ ትርፍ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የዕድሜ ልክ ክትትል ይዞ ይመጣልና።

በጉሮሮ የሚገባው ኤኮ

የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ፣ ከግራው የላይኛው ክፍል ጋር ተጠግቶ ያልፋል። ከደረት በኩል የሚሠራው ኤኮ የጎድን አጥንትና ሳንባ ይጋርዱበታል፤ በምግብ ቧንቧ በኩል የገባው ግን ልብን ከጀርባ፣ ከቅርብ ያየዋል። ማይትራል ቫልቭ በተለይ ከዚህ በኩል ጥርት ብሎ ይታያል። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች በሦስት አቅጣጫ ተቀርጾ፣ ቀዶ ሐኪሙ ልብን ከፍቶ ከላይ እንደሚያየው ሆኖ ማየትም ይቻላል።

ይህ ኤኮ በተለይ የሚፈለገው የረጋ ደም ለማየት ነው። ማይትራል ቫልቭ ሲጠብ የግራው የላይኛ ክፍል ይለጠጣል፤ ደም እዚያ ይተኛል። ከጎኑ ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ የረጋ ደም ሊደበቅ ይችላል፤ በደረት በኩል የሚሠራው ኤኮ ደግሞ ይህችን ከረጢት በደንብ አያሳይም። ቱቦ ሲገባ ያ የረጋ ደም ቢነካ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያስከትላል። ስለዚህ የረጋ ደም ከተገኘ የባሉኑ ቀጠሮ ይራዘማል፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሳምንታት ተሰጥቶ እንደገና ይታያል። ቀጠሮው ለምን ተራዘመ ብለው የሚበሳጩ ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ለምርመራው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይበላም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይወጣል። ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ በደም ሥርም ዘና የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል። ከዚያም የጣት ውፍረት ያለው ለስላሳ ቱቦ እንዲውጡ ይጠየቃሉ። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ መተንፈሻዎ ግን አይዘጋም፤ ቱቦው የሚሄደው በምግብ ቧንቧ ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ይረዳል። ሲጨርሱ የጉሮሮው መደንዘዝ እስኪለቅ ድረስ ምግብም ውሃም አይቅመሱ፤ በዕለቱ መኪና አይንዱ፤ ከሰው ጋር ይምጡ።

አንድ ነገር ሳይጠየቁም ይንገሩ። ለመዋጥ የሚቸገሩ ከሆነ፣ ደም አስመልሶዎት የሚያውቅ ከሆነ ወይም የጉበት ሕመም ካለብዎ ቱቦው ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ማወቅ አለበት። በአገራችን ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የቆየ የብልሃርዝያ በሽታ ጉበትን ጎድቶ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች እንዲያብጡ ያደርጋል፤ ያበጠ ደም ሥር ደግሞ ሲነካ ሊደማ ይችላል። ብልሃርዝያ ባለበት ሐይቅ ወይም ወንዝ አካባቢ ካደጉ ይህንኑ ይናገሩ። ከዚህ ውጭ ምርመራው በአብዛኛው ያለ ችግር ያልፋል፤ የምግብ ቧንቧ የመቀደድ አደጋ ከሺህ ሰው ከአንድም ያነሰ ነው።

ደረት ተከፍቶ ሲቀየር

«ቀዶ ሐኪሙ ልቤን በዓይኑ እያየው ኤኮ ምን ያደርጋል?» ሊሉ ይችላሉ። ቫልቭ ሲቀየር ልብ እንዲቆም ይደረጋል፤ ደሙም በማሽን በኩል ይዞራል። ሐኪሙ የሚያየው የቆመና ባዶ ልብ ነው። አዲሱ ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ የሚታወቀው ልብ እንደገና ሲመታ ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ልቡ ተሰፍቷል፣ ውስጡም አይታይም። ስለዚህ ማደንዘዣው ከተሰጠ በኋላ በጉሮሮ የሚገባው ኤኮ ቀደም ብሎ ይገባና እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆያል።

የቫልቩን ቁጥር የሚወስነው በዋነኛነት ቀዶ ሐኪሙ ነው። አሮጌውን ቫልቭ ካወጣ በኋላ ቀለበቱን በመለኪያ ይለካል፤ ኤኮው ቀድሞ የሰጠው ልክ ደግሞ ማመሳከሪያ ይሆነዋል። የቫልቭ ቁጥር እንደ ጫማ ቁጥር ነው ብለው ያስቡት፤ 19፣ 21፣ 23 እያለ በሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ለሰውየው ቁመናና ክብደት የሚያንስ ቫልቭ ከገባ፣ ቫልቩ ራሱ ምንም ሳይበላሽ ሰውየው የጥበት ምልክት ይዞ ሊቀጥል ይችላል። በተለይ ቀለበታቸው ጠባብ በሆነ ሰዎች ላይ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታስቦበት፣ አስፈላጊ ከሆነም ቀለበቱን ማስፋት ይታቀዳል።

ልብ መምታት ሲጀምር ኤኮው የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉ። በቫልቩና በልቡ ሥጋ መካከል፣ ስፌቱ ባለበት፣ ደም የሚያፈስ ክፍተት አለ ወይ? የብረት ቫልቭ ከሆነ ሁለቱም ክንፎቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ ወይ፣ ወይስ አንዱ በክር ወይም በቀረ ሥጋ ተይዟል? በልብ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ አለ ወይ? የአየር አረፋው ሳይወጣ ከቀረ ወደ አንጎል ወይም ወደ ልብ ደም ሥሮች ሊሄድ ስለሚችል፣ ሐኪሞቹ በኤኮ እያዩ አየሩን ያስወጣሉ።

ችግር ከታየ በሽተኛው ወደ ማሽኑ ተመልሶ ይስተካከላል። ይህ የሚቻለው ደረቱ ሳይዘጋ ስለታየ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ የሚያፈስ ነገር አይተን ተመልሰን አስተካከልነው» ቢልዎ አይደንግጡ። ተደብቆ ከሳምንት በኋላ በትንፋሽ ማጠርና በደም ማነስ ከሚገለጥ ያን ዕለት መታየቱ ይሻላል።

ደረት ሳይከፈት ሲቀየር

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 ፈረንሳዊው የልብ ሐኪም አለን ክሪቢዬ በሩዋን ከተማ፣ ደረት ሳይከፈት የመጀመሪያውን አኦርቲክ ቫልቭ በሰው ልብ ውስጥ በካቴተር አስቀመጠ። ዘዴው ታቪ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ታቨር ሲሉም ይሰማሉ። ከእንስሳ ሥጋ የተሠራው ቫልቭ በብረት መረብ ላይ ተሰፍቶ ተጨምቆ ይቀጥናል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ከብሽሽት ባለው ደም ቅዳ ቧንቧ ገብቶ ልብ ድረስ ይወሰዳል። አሮጌው ቫልቭ አይወጣም፤ አዲሱ በውስጡ ተለጥጦ ወደ ዳር ይገፋዋል። ልብ አይቆምም፤ ቀዶ ሐኪም በጁ የሚለካው ቀለበት የለም፤ የሚሰፋ ክርም የለም። የሐኪሙ ዓይን ሙሉ በሙሉ ምስሉ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቫልቩ ልክ የሚወሰደው በተለመደው ኤኮ ነበር። ኤኮው አንድ ዲያሜትር ይለካል፣ ቀለበቱም ክብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሲቲ ስካን በስፋት ሲገባ የታየው ግን የአኦርቲክ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እንቁላል ሞላላ መሆኑ ነው። በአንድ አቅጣጫ የለኩት ያነሰ ቫልቭ ያስመርጣል፤ ያነሰ ቫልቭ ደግሞ በዳሩ ያፈስሳል። ዛሬ ከታቪ በፊት በኮንትራስት የሚነሳ ሲቲ ስካን መደበኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የቀለበቱ ዙሪያና ስፋት በሙሉ ይለካል፤ ቫልቩም በዚያ ይመረጣል።

ከቁጥሩ ባሻገር ሲቲው ሌሎች ነገሮችን ይነግራል። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ሥሮች አፋቸው ከቀለበቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል? በጣም ከቀረበ፣ በተለይ ከ10 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ ወደ ዳር የተገፋው አሮጌ ቫልቭ ሊደፍናቸው ይችላል። ካልሲየሙ የት ጋር ነው ያለው? በአንድ ወገን የተከመረ ካልሲየም ቫልቩ እኩል እንዳይለጠጥ ያደርጋል። ከብሽሽት እስከ ልብ ያለው መንገድስ? ቧንቧው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ከሌለው ወይም በጣም ከተጠማዘዘና ካልሲየም ከያዘ ሌላ መግቢያ ይፈለጋል፤ ወይም ውሳኔው ወደ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። አንዳንድ ቤተሰቦች «ሲቲው ስለልብ ነው፣ ለምን እስከ ጭን ያነሱታል?» ብለው ይገረማሉ፤ ለዚህ ነው።

አባትዎን ወይም እናትዎን ለዚህ ሲቲ ስካን የሚያጅቡ ከሆነ፣ ስለ ኩላሊታቸው፣ ቀደም ሲል በኮንትራስት አለርጂ ተነስቶባቸው እንደሆነ እና ስለሚወስዱት መድኃኒት በትክክል ይንገሩ። ኮንትራስቱ የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ቀድሞ የደም ምርመራ ይደረጋል። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ እንደ ኩላሊታቸው ሁኔታ ለአጭር ጊዜ እንዲያቆሙ ሊታዘዙ ይችላሉ፤ በራስዎ ግን አያስቁሟቸው። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ሙቀት ይሰማዋል፤ አንዳንዱ ሽንት ያመለጠው ይመስለዋል፤ ወዲያው ያልፋል። ለጥቂት ሰከንድ ትንፋሽ መያዝ ይጠየቃል። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ከሆነና የማይገባቸው ከሆነ፣ ቀድመው ቤት ውስጥ ያለማምዷቸው ወይም አስተርጓሚ ይጠይቁ። ትንፋሽ ካልተያዘ ምስሉ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘ ምስል ላይ የተለካ ቀለበት ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል።

በዕለቱ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው በተከታታይ ራጅ ነው። ራጅ የቫልቭ ሥጋን አያሳይም። የሚያሳየው ብረት፣ ካልሲየምና የተረጨ ኮንትራስት ብቻ ነው። ስለዚህ የራጁ ማሽን በተለየ ማዕዘን ይዞራል፤ በዚያ ማዕዘን ሲታይ የአኦርቲክ ቫልቭ ሦስቱ ኪሶች በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ የቀለበቱም ደረጃ እንደ ቀጥታ መስመር ይታያል። ማዕዘኑ የሚታወቀው ከቀድሞው ሲቲ ነው። በባሉን የሚለጠጥ ቫልቭ ከሆነ፣ ለጥቂት ሰከንድ በጊዜያዊ ፔስሜከር ልብ በደቂቃ 180 እና ከዚያ በላይ እንዲመታ ይደረጋል። ልብ እንዲህ ሲሮጥ ደም መግፋት ስለሚያቅተው ቫልቩ ሲለጠጥ በግፊት አይንሸራተትም።

እዚህ ላይ ሚሊ ሜትሮች ይቆጠራሉ። ቫልቩ ከሚገባው በላይ ወደ ታች ከተቀመጠ የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ይጫናል፤ ልብ ምቱ ቀንሶ ቋሚ ፔስሜከር ሊያስፈልግ ይችላል። ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ከሆነ የልብ ደም ሥሮችን ሊጋርድ ወይም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በባሉን የሚለጠጠው አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም፤ ራሱ ከሚለጠጠው ዓይነት ግን አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቅ መልሶ ሊሰበሰብና ቦታው ሊስተካከል ይችላል። ከተቀመጠ በኋላ ኮንትራስት ተረጭቶና በኤኮ ታይቶ በዳሩ የሚያፈስ መሆኑ ይጣራል። ትንሽ መፍሰስ ብዙ ጊዜ በክትትል ይታለፋል፤ መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ መፍሰስ ግን ዕድሜን ስለሚያሳጥር በዝምታ አይታለፍም።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «ታቪ ካለ ለምን ደረት ይከፈታል?» ማለትዎ አይቀርም። የታቪ ቫልቭ አይሰፋም፤ በቦታው የሚይዘው የአሮጌው ቫልቭ ካልሲየም ነው። በሩማቲክ የተጎዳ የወጣት ቫልቭ ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ካልሲየም የለውም፤ ደም የሚመልስ ከሆነ ደግሞ መያዣው ይበልጥ ይሳሳል። በብዛት የሚጎዳውም ማይትራል እንጂ አኦርቲክ ብቻውን አይደለም። በተጨማሪም የሥጋ ቫልቭ በወጣት ላይ ቶሎ ያረጃል። ለ24 ዓመቷ ሴት ታቪ አለመታዘዙ ድህነት ወይም ቸልተኝነት ብቻ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ዋናው ምክንያት በሕመሙ ተፈጥሮ ላይ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚያዙት ወረቀት

ሰው ሠራሽ ቫልቭ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከተፈጥሮው ትንሽ ይጠብባል። ስለዚህ በኤኮ ላይ ሁልጊዜ የተወሰነ የግፊት ልዩነት ያሳያል፤ መጠኑም እንደ ቫልቩ ዓይነትና ቁጥር ይለያያል። ከሦስት ዓመት በኋላ ትንፋሽ ቢያጥርዎና ኤኮ ቢነሱ፣ የታየው ቁጥር ከፍ ብሏል ወይስ ድሮም እንዲሁ ነበር የሚለውን የሚመልሰው ቫልቩ አዲስ ሳለ የተነሱት ኤኮ ነው። ይህ መነሻ ኤኮ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ውስጥ መሠራት አለበት። «ደህና ነኝ፣ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?» ብለው እንዳይዘሉት። ከሁሉም ኤኮዎች አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

በተለይ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ሌላ አገር ሄደው የታከሙ ሰዎች አገር ቤት ሲመለሱ የሚይዙት ብዙ ጊዜ የመድኃኒት ዝርዝርና ደረሰኝ ብቻ ነው። ከመነሳትዎ በፊት የቫልቩ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የተቀመጠበት ቦታና ቀኑ የተጻፈበትን ካርድ፣ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት እና የምስሎቹን ሲዲ ይጠይቁ። ሪፖርት ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ካርዱን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለአንድ የቤተሰብ አባል ይላኩ። የሥጋ ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ከዓመታት በኋላ ቫልቩ ሲያረጅ በውስጡ ሌላ ቫልቭ በካቴተር ሊገባላቸው ይችል ይሆናል፤ ያኔ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚሆነው «የድሮው ስንት ቁጥር ነው?» የሚል ነው።

ሲከታተሉ እንደገና በጉሮሮ የሚገባ ኤኮ ቢታዘዝልዎ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የብረት ጥላ ነው። የድምፅ ሞገድ ብረትን አያልፍም፤ ከብረቱ ጀርባ ያለው ይጨልማል። በማይትራል ቦታ ያለ ቫልቭ ሲታይ የሚያፈሰው ቦታ ወይም የረጋ ደሙ በዚያ ጥላ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ከጀርባ ሲታይ ግን ይገለጣል። የብረት ቫልቭ ክንፍ መንቀሳቀሱን ለማየት ደግሞ ያለ ምንም ኮንትራስት ለደቂቃዎች በሚታይ ራጅ ክንፎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በግልጽ ማየት ይቻላል።

ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያለብዎ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥርዎ፣ ፊት ሲጣመም ወይም አንድ ወገን ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር፣ ወይም የለመዱት የብረት ቫልቭ ድምፅ ሲጠፋ ወይም ሲታፈን ነው። ዋርፋሪን በራስዎ አቁመው ወይም ረስተው ከነበረ ይህንኑ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ሐኪሙ የሚጠረጥረውንና የሚያዘውን ምስል ይለውጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ካለብዎ ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጀምሩ። ቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል መጀመሪያ የደም ካልቸር መወሰድ አለበት፤ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ጀርሙን ማግኘት ይከብዳል።

ቫልቩ የተበላሸው በሩማቲክ ከሆነ የፔኒሲሊን መርፌው ቫልቩ ተቀየረ ተብሎ አይቋረጥም። አዲሱ ቫልቭ በሩማቲክ ባይጎዳም የቀሩት ሦስቱ የእርስዎው ናቸው። እስከ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው የልብ ሐኪምዎ ነው።

ኤምአርአይ ቢታዘዝልዎ አይፍሩ፤ የሰው ሠራሽ ቫልቮች በአብዛኛው ለኤምአርአይ ችግር የላቸውም፤ ካርዱን ይዘው ለባለሙያው ያሳዩ። ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ከሆነ ግን ከማርገዝዎ በፊት ይምጡ። የብረት ቫልቭ ያላት ሴት የምትወስደው ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ማቆሙ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚስተካከልና በእርግዝናው ጊዜ ኤኮው በየስንት ጊዜው እንደሚደገም አስቀድሞ ከልብ ሐኪምና ከማኅፀን ሐኪም ጋር መወሰን አለበት።